የመስክ መኪና መለዋወጫና ተጨማሪ ዕቃ፦ ባለቤቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሌሎች ባለቤቶች የሚሉትን እንዴት እንደሚመዝኑት፣ ከቀላሉ ጥያቄ ወደ አከራካሪው።

«ኦሪጅናል» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

በዚህ ቃል ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይጠራሉ። አንደኛው በመኪናው አምራች ስም ታሽጎ የሚሸጠው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ዕቃ ለአምራቹ የሚያቀርበው ፋብሪካ በራሱ ካርቶን የሚሸጠው ነው። መኪና አምራቾች አብዛኛውን ዕቃ ራሳቸው አይሠሩም፣ ያሠራሉ። ቶዮታ ብዙ የኤሌክትሪክና የነዳጅ መስመር ዕቃዎቹን ከዴንሶ፣ ፍሪሲዮንና ፍሪ ሃብን (የፊት ጎማን ከአክስሉ ጋር የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ዕቃ) የመሳሰሉትን ከአይሲን ይወስዳል። ከእነዚህ ሁለቱ ውጭ ያለው፣ ከአምራቹ ጋር ምንም ውል የሌለው ፋብሪካ ለክቶ የሚሠራው ዕቃ ነው።

ልምድ ያላቸው ባለቤቶች በብዛት የሚመክሩት ሁለተኛውን ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ጥራቱ ከመጀመሪያው ጋር ይቀራረባል፣ ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። ሦስተኛውን ወገን በጅምላ መናቅም ተገቢ አይደለም። እንደ ኦልድ ማን ኢሙ፣ ቢልስታይንና ኮኒ ያሉት ሾክ አብዞርበሮች ጭነት ለበዛበት መኪና ከፋብሪካው ዕቃ የተሻሉ ሆነው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። አደጋው ያለው አምራቹ የማይታወቅ፣ ካርቶኑ ላይ የመኪና ሥዕል እንጂ የፋብሪካ ስም የሌለው ዕቃ ላይ ነው።

ዕቃው ለመኪናዬ ልክ መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

በሞዴል ስምና በምርት ዓመት ብቻ አይግዙ። አንድ ስም ብዙ መኪና ይሸፍናል። ላንድ ክሩዘር 70 ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመረት የቆየ ነው፤ ለከባድ ሥራ የሚሠሩት ሞዴሎች እስከ 1999 ድረስ ከፊት ባሌስትራ ነበራቸው፣ ከዚያ ወዲህ ሞላ ሆኑ። «የሰባዎቹ ሾክ» ብሎ የሚያዝ ሰው የማይገጥም ዕቃ ይዞ ቢመለስ አይገርምም።

የሻንሲ ቁጥሩን ሰጥተው የዕቃውን ቁጥር ያስወጡ፣ ከዚያ አሮጌው ዕቃ ላይ ከተጻፈው ጋር ያመሳክሩ። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 10 አኃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 5 የዕቃውን ዓይነት፣ የቀሩት 5 ለየትኛው መኪና እንደሆነ ያመለክታሉ። በ04465 የሚጀምር የፊት ፍሬን ሸራ ነው፣ በ17801 የሚጀምር የአየር ማጣሪያ። ይህን የሚያውቅ ሰው «ይሄም ይሆናል» ሲባል ዝም ብሎ አይቀበልም።

ከሰማኋቸው አስተያየቶች የትኛውን ልመን?

በገጠሙ ማግስት የሚሰጠውን አስተያየት አይቁጠሩት። የሞተ ሾክ አውጥቶ አዲስ ያስገባ ሰው፣ የገጠመው ምንም ይሁን ምን፣ መኪናው እንደተለወጠ ይሰማዋል። እያወዳደረ ያለው አዲሱን ካለቀው ዕቃ ጋር ነው፤ ከሌላ አዲስ ዕቃ ጋር አይደለም። ጎማም እንዲሁ ነው። አዲስ ጥርስ ያለው ጎማ ሁሉ ጭቃ ይይዛል፤ ጥያቄው ግማሹ ካለቀ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

እኔ የማዳምጠው አራት ነገር የሚነግረኝን ሰው ነው፦ ከገጠመው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ መኪናው በዘወትር ምን ያህል ጭነት እንደሚይዝ፣ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሄድ፣ ከዚያ በፊት ምን ገጥሞ እንደነበር። እነዚህ ከሌሉ «በጣም ምርጥ ነው» ወይም «እንዳትገዙት» የሚለው ቃል ለእርስዎ መኪና ምንም አይናገርም። ባዶውን በአስፋልት የሚሄድ መኪናና 600 ኪሎ ተሸክሞ በኮረኮንች የሚውል መኪና ስለ አንድ ባሌስትራ የሚሰጡት ምስክርነት አንድ ሊሆን አይችልም።

ከምስጋና ይልቅ የብልሽት ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል፣ ግን «ተሰበረ» ብቻ አይበቃም። እንዴት ነው የተሰበረው? የሾክ ዘንግ ከላይ ከመያዣው ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ የርዝመት ጉዳይ ነው፤ ሾኩ አጥሮ ወይም ረዝሞ እየተጋጨ ኖሯል። ዘይት ካፈሰሰ የጎማ ማሸጊያው በአቧራና በሙቀት አልቋል። አካሉ ከተጎዳ ድንጋይ መትቶታል። ሦስቱም «ሾኩ ተበላሸ» ተብለው ይወራሉ፣ የዕቃው ጥራት የሚጠየቅበት ግን መካከለኛው ላይ ነው፤ እሱም ጊዜው ሳይደርስ ከሆነ።

ሌላው፣ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው ለገዛው ዕቃ ጠበቃ መሆኑ ተፈጥሮ ነው። ዕቃውን በነፃ ያገኘ ሰውም ምስክርነቱ ሚዛን ያጣል። ከሁሉ የሚታመነው ያንኑ ዕቃ ካለቀበት በኋላ በራሱ ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ የገዛ ሰው ነው።

አዲስ ባለቤት ነኝ፤ መጀመሪያ ምን ልግዛ?

ምንም ተጨማሪ ዕቃ አይግዙ። መጀመሪያ ያለውን ያድሱ፦ የሞተር ዘይትና ማጣሪያዎች፣ የሁለቱም ዲፍሬንሻል፣ የካምቢዮና የትራንስፈር ዘይት፣ ቺንጋ፣ የራዲያተር ጎማ ቧንቧዎች፣ የፍሬን ዘይት፣ ኩሽኔታዎችና ክሮቼራ (የማስተላለፊያ ዘንጉ መገጣጠሚያ)። መስክ ላይ መኪና የሚያስቀረው በአብዛኛው ዊንች (የተቀረቀረ መኪና የሚጎትት ባለ ገመድ መሣሪያ) አለመኖሩ አይደለም፤ የተሰነጠቀ የራዲያተር ቧንቧ ወይም ግሪስ ያልተሰጠው ኩሽኔታ ነው።

ከዚያ ጥሩ ጎማ፣ የአየር ግፊት መለኪያና መንፊያ ይከተላሉ። ቀጥሎ ለዘወትር ጭነትዎ የሚሆን ሞላና ሾክ። ሌላው ሁሉ የሚሄዱበት መንገድ ሲጠይቅ የሚመጣ ነው።

ኤ.ቲ. ጎማ ይሻላል ወይስ ኤም.ቲ.?

ኤ.ቲ. ለሁሉም መንገድ፣ ኤም.ቲ. ለጭቃ የተሠራ ነው። ኤም.ቲ. ጥርሱ ትልቅና የተራራቀ በመሆኑ ጭቃን ይተፋል፣ በሹል ድንጋይ ላይም ጎኑ ይጠነክራል። በአስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ በርጥብ አስፋልት ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ከጉዞው አብዛኛው በአስፋልትና በጠጠር መንገድ ለሆነ ሰው ኤ.ቲ. ይበቃዋል። ኤም.ቲ. ገዝተው በኋላ ወደ ኤ.ቲ. የሚመለሱ ባለቤቶች ብዙ ናቸው፤ በየቀኑ ጭቃ የሚገቡት ደግሞ አይመለሱም፣ ልክም ናቸው።

ከምርቱ ስም በፊት ግን የጎማውን ዕድሜ ይዩ። ጎኑ ላይ ከዲ.ኦ.ቲ. (DOT) ፊደላት በኋላ በመጨረሻ የሚገኙት 4 አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግራሉ። 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ሊደርቅ ይችላል። የጭነት ደረጃውንም ከመኪናው ክብደት ጋር ያስተያዩ፤ ለቀላል መኪና የተሠራ ጎማ መጠኑ ስለገጠመ ብቻ ለመስክ መኪና አይሆንም።

ትልቅ ጎማ ብገጥም ምን ይለወጣል?

በቁጥር እንየው። 265/70 አር 16 ጎማ ቁመቱ 777 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 285/75 አር 16 ደግሞ 834 ሚሊ ሜትር። ልዩነቱ 57 ሚሊ ሜትር ቢሆንም መኪናው የሚነሳው በግማሹ፣ በ28 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ መኪናው በእውነት 107 ይሄዳል፤ የተጓዙት ኪሎ ሜትርም ከእውነቱ አንሶ ይመዘገባል። ስለዚህ «ትልቅ ጎማ ገጥሜ ነዳጅ በጣም ጨመረ» የሚለው ሰው ስሌቱን በመለኪያው ላይ ከሠራ የተወሰነው ጭማሪ የመለኪያው ስህተት ነው።

የማይታየው ጉዳት ሌላ ነው። ማርሹ ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሳል፣ ፍሬን ለማስቆም የበለጠ ክብደት ይሽከረከርበታል፣ የፊት ኩሽኔታና የመሪ መገጣጠሚያዎች ቶሎ ያልቃሉ። በወጣ ገባ መንገድ ላይ ጎማው ከፓራውልት ወይም ከውስጥ መከላከያው ጋር መነካካቱን ለማየት መሪውን ዳር አድርሶ፣ አንዱን ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ አስወጥቶ መሞከር ያስፈልጋል። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ አለመነካካቱ ምንም ማስረጃ አይደለም። ስኮርቱም በዚያው መጠን መለወጥ አለበት፤ ሁልጊዜ ፎር ዊል በሆነ መኪና ላይ የተለያየ ቁመት ያለው ጎማ መግጠም ዲፍሬንሻሎቹን ያቃጥላል።

ሞላና ባሌስትራ ስመርጥ «ከባዱ ይሻላል» የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም፣ ከዚህ ምክር የተነሳም ብዙ ሰው መኪናውን አበላሽቷል። እያንዳንዱ ሞላ ለተወሰነ የዘወትር ጭነት ይሠራል። ለ300 ኪሎ የዘወትር ጭነት የታሰበውን ባዶ መኪና ላይ ቢገጥሙት የኋላው ይዘላል፣ ጎማው በኮረኮንች ላይ መሬት ይለቃል፣ ፍሬን ሲያዝም ይንሸራተታል። ሾፌሩ ሾኩን ይወቅሳል፤ ሾኩ ግን አላጠፋም።

መኪናውን ለወትሮው ጉዞ በሚሞሉት ልክ ሞልተው፣ ከነሰዉና ከነነዳጁ ሚዛን ላይ ያውጡት። የፊትና የኋላ አክስል ለየብቻ ይመዘን። ያን ቁጥር ይዘው ሲሄዱ ሻጩ የሚገምተው ነገር አይቀርለትም። ጭነቱ አንዴ ባዶ አንዴ ሙሉ ለሚሆን መኪና መካከለኛውን መርጦ ሲሞላ በዝግታ መሄድ ይሻላል።

በባሌስትራና በሻንሲ መካከል የሚገባው የአየር ትራስ በተለይ ለፒክአፕ ባለቤቶች ብዙ ይወደሳል። የወረደውን ኋላ ስለሚያነሳ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ባሌስትራው በሁለት ጫፍ ያካፍለው የነበረውን ጭነት ሻንሲው መሐል ላይ ያሳርፈዋል፤ ከኋላ ብዙ ከተጫነ ሻንሲ የሚታጠፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጎሚኒ ላስቲክ ይሁን ወይስ ፖሊዩሬቴን?

ጎሚኒ በብረት መገጣጠሚያዎች መካከል የሚገባው ትራስ ነው። ከምን ይሠራ በሚለው ላይ ባለቤቶች አይስማሙም፣ ሁለቱም ወገን ከመንገዱ አንጻር ልክ ነው። ፖሊዩሬቴን ዘይትና ሙቀት ይችላል፣ መሪውን ያጠነክራል፣ በቀላሉም በእጅ ይገባል። ግን ንዝረትን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ግሪሱ ሲያልቅ ይንጫጫል፣ የፊት አክስሉን ወደ ሻንሲው በሚይዙት ረጃጅም ክንዶች ላይ ከተገጠመ አክስሉ እንደልቡ እንዳይወዛወዝ ያስራል። እኔ ለክንዶቹ የፋብሪካውን ላስቲክ፣ ለማረጋጊያ ዘንጉ ፖሊዩሬቴንን እመርጣለሁ።

«ኦሪጅናሉን ጎሚኒ ገጥሜ በጥቂት ወር ተቀደደ» የሚል ቅሬታ ሲሰሙ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ብሎኖቹ የጠበቁት መኪናው በክሪክ ተነስቶ ሳለ ነበር? የላስቲክ ጎሚኒ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል እንጂ። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀመጣል፣ በየጉድጓዱም ከዚያ በላይ ይጠመዘዛል። የሚጠብቀው መኪናው በራሱ ክብደት ጎማው ላይ ቆሞ ነው። የዕቃ ጥፋት ተብለው ከሚወሩት ውስጥ ብዙው የአገጣጠም ጥፋት መሆኑን እንደዚህ ጉልህ አድርጎ የሚያሳይ ዕቃ የለም።

ታጥቦ የሚገጠመው የአየር ማጣሪያ ከወረቀቱ ይበልጣል?

ለአቧራ መንገድ፣ አይበልጥም። በዘይት የሚርሰው የጥጥ ማጣሪያ አየር በቀላሉ ያሳልፋል፣ ያው ቀዳዳ ግን ደቃቁን አቧራም ያሳልፋል። ዘይቱ ከበዛም የሚገባውን አየር የሚለካውን ሴንሰር ይሸፍነዋል። ሞተር የሚበላው ደቃቁ አቧራ ነው። ጥሩ የወረቀት ማጣሪያ ገዝቶ በጊዜው መለወጥ ይሻላል።

የማንንም አስተያየት ሳይጠብቁ ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። ከማጣሪያው ወደ ሞተር የሚሄደውን ቧንቧ ፍቱና ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ላይ ቡናማ ዱቄት ከወጣ ማጣሪያው ያሳልፋል ወይም ዳሩ በደንብ አልተቀመጠም። ማጣሪያውን በኮምፕሬሰር ደጋግሞ መንፋትም ወረቀቱን ይበሳዋል።

ስኖርክል የምሻገረው ወንዝ ከሌለ ይጠቅመኛል?

ይጠቅማል፤ አየሩን ከፊት ጎማ አጠገብ ሳይሆን ከጣሪያ ከፍታ ስለሚወስድ ከፊት ያለው መኪና የሚያስነሳው አቧራ ይቀንሳል። ለውኃ ሲሆን ግን መገጣጠሚያው ሁሉ አየር የማያሳልፍ መሆን አለበት። አንዳንዶቹ ርካሽ ስኖርክሎች የጣሪያው ክፍል ብቻ ነው የሚያምረው፤ ከኮፈኑ ሥር ያለው መገናኛ ክፍት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲሠራ የስኖርክሉን አፍ በጠፍጣፋ ነገር ይድፈኑት። ሞተሩ ታፍኖ ሊጠፋ ይገባል። እንዳልነበረ ሆኖ መሥራቱን ከቀጠለ ሌላ ቦታ አየር እያገኘ ነው፣ ውኃም በዚያው ይገባል። በተጨማሪም የዲፍሬንሻልና የካምቢዮ መተንፈሻ ቱቦዎች ወደ ላይ ካልተነሱ፣ የሞቀ ዲፍሬንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃውን ወደ ዘይቱ ይስበዋል። ቱቦዎቹን ማስረዘም ከስኖርክሉ በጣም የረከሰ ነው፣ ቅድሚያም ሊሰጠው ይገባል።

የፍሬን ሸራ ላይ መቆጠብ ይቻላል?

ታዋቂ ሁለተኛ አምራች በመምረጥ መቆጠብ ይቻላል፤ ስሙ የማይታወቅ በመግዛት ግን አይቻልም። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢ.ሲ.ኢ.) ደንብ ቁጥር 90 የመተኪያ ሸራ የመያዝ አቅም ከመጀመሪያው ሸራ በ15 በመቶ ክልል ውስጥ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ያለፈ ሸራ በክብ ውስጥ የተጻፈ የኢ (E) ፊደልና ቁጥር ይኖረዋል። ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ፣ ጭነት የሚይዝ ሰው ሸራው ሲሞት ምን እንደሚሰማው ያውቃል፦ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም።

ሐሰተኛውን ዕቃ እንዴት ልለየው?

ካርቶኑን ብቻ አይመኑ፤ ካርቶን በቀላሉ ይቀዳል። ከተቻለ አሮጌውን ኦሪጅናል ይዘው ይሂዱና ጎን ለጎን ያድርጉት። ክብደቱ፣ የብረቱ ጠርዝ አጨራረስ፣ የተቀረጹት ቁጥሮች ጥልቀት፣ የብሎን ጥርሱ ጥራት ይናገራል። የዘይት ማጣሪያ ላይ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ሲመለከቱ ዘይት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው የጎማ ክዳን በአግባቡ መቀመጡን ያያሉ፤ የሌለበት ማጣሪያ ጠዋት ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ያለ ዘይት ያንኳኳል።

በብዛት የሚጭበረበሩት ቶሎ ቶሎ የሚለወጡት ናቸው፦ ማጣሪያ፣ ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ። ከሁሉ የሚያስፈራው የናፍጣ ማጣሪያ ነው። የዘመኑ ኮመን ሬል ናፍጣ ሞተሮች ነዳጁን ከ1,600 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫሉ፣ እንዲህ ባለው ግፊት ውኃና ደቃቅ ቆሻሻ ኢንጀክተሩን ይበላዋል። በማጣሪያ ላይ የተረፈው ገንዘብ ከኢንጀክተር ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ተገቢ ነው?

ለአንዳንዱ አዎ፣ እንዲያውም ይመከራል። የአክስል ቤት፣ ካምቢዮ፣ ዲፍሬንሻል፣ በር፣ ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ከታወቀ መኪና የወጣ ኦሪጅናል ሆኖ ከተገኘ ከአዲስ ርካሽ ዕቃ ይበልጣል። ዲፍሬንሻል ሲገዙ ጥርሱ ላይ የተጻፈውን የማርሽ ምጥጥን ያረጋግጡ፤ የፊቱና የኋላው ካልተስማማ ፎር ዊል ሲገባ ይሰባበራል። የፍሬን ቧንቧ፣ የመሪ መገጣጠሚያ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታና ኤርባግ ግን ያገለገለ አይገዛም።

ዊንች ስንት የሚጎትት ልግዛ?

የተለመደው ስሌት የተጫነው መኪና ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። 2,800 ኪሎ ለሚመዝን መኪና 4,200 ኪሎ ይሆናል፣ የ9,500 ፓውንድ ዊንች ማለትም 4,300 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። ይህ አቅም ግን ገመዱ ከሞላ ጎደል ተዘርግቶ በጥቅሉ ላይ የመጀመሪያው ዙር ብቻ ሲቀር ያለው ነው፤ ዙሩ እየተደራረበ ሲሄድ ጉልበቱ ይቀንሳል። «የተጻፈውን አይጎትትም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። አቅሙ ካነሰ ፑሊ ተጠቅሞ ገመዱን ወደ ራሱ መመለስ ጉልበቱን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል፣ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ።

ሽቦ ገመድ ከድንጋይ ጋር መፋተግን ይችላል፣ ሲበጠስ ግን በኃይል ይወነጨፋል። ሲንተቲኩ ቀላልና ለእጅ የሚመች ነው፣ ሲበጠስም አደጋው ያንሳል፤ ፀሐይ፣ አሸዋና ስለታማ ጠርዝ ግን ይጎዱታል። ሲንተቲኩን መርጦ ሲቀመጥ መሸፈን የተሻለ ነው እላለሁ።

ለመጎተቻ የተጎታች መንጠቆውን ኳስ መጠቀም ችግር አለው?

አዎ፣ ሰው ይገድላል። ኳሱ የተሠራው ተጎታች ለመሳብ እንጂ የተቀረቀረ መኪና በድንገት ሲነጠቅ የሚመጣውን ኃይል ለመቻል አይደለም፤ ሲቆረጥ መስታወት በስቶ ይገባል። መኪናው ተጭኖ ሲጓጓዝ የሚታሰርባቸው ቀጫጭን ቀለበቶችም እንዲሁ አይሆኑም። ለመጎተት የሚውል፣ አቅሙ የተጻፈበት፣ በሻንሲው ላይ በብሎን የታሰረ መያዣ ይግጠሙ። 19 ሚሊ ሜትር የሆነውና ለሥራ 4.75 ቶን የሚል የተቀረጸበት ማያያዣ ቀለበት የተለመደው መጠን ነው። ምንም ያልተጻፈበትን አይግዙ። እዚህ ላይ የባለቤቶች አስተያየት ከጽሑፉ አይበልጥም፤ «ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ» ማለት እስካሁን አልተበጠሰም ማለት ብቻ ነው።

ኤል.ኢ.ዲ. ፓውዛ ላይ የሚጻፈው የብርሃን መጠን እውነት ነው?

ርካሾቹ ላይ የተጻፈው በአብዛኛው የተጋነነ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ብርሃኑ የት እንደሚወድቅ ያስፈልጋል፦ ጠባብና ሩቅ ወይስ ሰፊና ቅርብ። በአቧራና በጭጋግ በጣም ነጭ ብርሃን ወደ ዓይን ይመለሳል፣ በጣሪያ ላይ የተገጠመው ደግሞ ኮፈኑ ላይ ያንጸባርቃል። ሪሌና ፊውዝ ይኑረው፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን።

መኪናውን ከፍ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ 50 ሚሊ ሜትር ይበዛል?

ለአብዛኛው መኪና 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ባለቤቶች ያለ ብዙ ችግር የሚኖሩበት መጠን ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። የፊት አክስሉ ወጥ በሆነ መኪና ላይ የመሪው ማዘንበያ አንግል ይቀየራል፣ መሪው ወደ መሐል መመለሱን ይተዋል፣ በማስተካከያ ጎሚኒ ወይም ክንድ መመለስ ይፈልጋል። የፊት ጎማው ለየብቻ በሚንቀሳቀስ መኪና ላይ ወደ ጎማ የሚሄዱት አክስሎች አንግላቸው ይጨምራል፣ መሸፈኛ ላስቲካቸው ቶሎ ይቀደዳል። የፍሬን ቧንቧና የኤ.ቢ.ኤስ. ሽቦ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል መወጠር የለባቸውም። የፊት መብራቱም እንደገና ይስተካከላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው፦ አክስሉ ወጥ በሆነ መኪና ላይ ሞላ ማስረዘም ዲፍሬንሻሉን ከመሬት በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አያነሳውም። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። ሞላው የሚያነሳው አካሉንና ሻንሲውን ነው። ችግርዎ ዲፍሬንሻሉ ድንጋይ መምታቱ ከሆነ ገንዘብዎን ሌላ ቦታ ያውሉት።

እያንዳንዱ ዕቃ ጥሩ ነው ይባላል፤ ሁሉንም ስገጥም መኪናው ለምን ባሰበት?

ክብደት ስለተደመረ። ለአንድ ፒክአፕ በግምት እንደምረው፦ የብረት ፓራውልት 60 ኪሎ፣ ዊንች 40፣ የኋላ ፓራውልት ከስኮርት መያዣው ጋር 80፣ ፖርቶ መጋላ 40፣ የጣሪያ ድንኳን 60፣ ሁለተኛ ባትሪ 30፣ የዕቃ መሳቢያ 80፣ ፍሪጅ ከነሙሉው 40፣ ውኃ 80፣ ተጨማሪ 70 ሊትር ናፍጣ 60 ገደማ። 570 ኪሎ ሆነ። አራት ሰው ሲገባ 890 ይደርሳል። የመሸከም አቅሙ 1 ቶን የሆነ መኪና የጉዞ ሻንጣ ሳይጫን ሊሞላ ነው።

የት እንደተጫነም ልዩነት አለው። ከፊት አክስል አንድ ሜትር ወደፊት የተሰቀለ 100 ኪሎ፣ በአክስሎቹ መካከል 3 ሜትር ርቀት ባለው መኪና ላይ፣ የፊት አክስሉን በ133 ኪሎ ያከብደዋል፣ የኋላውን በ33 ያቀልለዋል። ከኋላ የተንጠለጠለው ደግሞ ሻንሲውን ያጎብጠዋል። የጣሪያው ጭነት ገደብ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፏል፤ የፖርቶ መጋላው የራሱ ክብደትም በውስጡ ይቆጠራል፣ የፖርቶ መጋላው አምራች ከዚያ በላይ ይችላል ቢል እንኳ የሚሠራው ትንሹ ቁጥር ነው።

ስለ ፓራውልቱ ያመሰገነው ሰው አልዋሸም፣ ስለ ድንኳኑም እንዲሁ። እያንዳንዱ የመሰከረው ስለ አንድ ዕቃ ነው። የእርስዎን ድምር የሚያውቀው እርስዎና ሚዛኑ ብቻ ናችሁ፤ ስለዚህ አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር በኪሎ ይመዝገብ፣ የማያገለግለውም ይውረድ።

ሁለት ልምድ ያላቸው ሰዎች ስለ አንድ ዕቃ ፍጹም ተቃራኒ ቢነግሩኝስ?

መጀመሪያ ዕቃው በእውነት አንድ መሆኑን ያጣሩ። አንዳንድ አምራች ስሙን ሳይለውጥ የማምረቻ ቦታውን ወይም የውስጥ አሠራሩን ይለውጣል፤ የድሮው ባለቤት የሚያወድሰው ዛሬ የማይሸጠውን ሊሆን ይችላል። አንደኛው ሐሰተኛ ገዝቶም ይሆናል። ከዚያ መኪኖቹን ያስተያዩ፦ ክብደት፣ መንገድ፣ የገጠመው ሰው። አብዛኛው ቅራኔ እዚህ ይፈታል።

ካልተፈታ ዕቃው ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ያስቡ። ፓውዛ ቢጠፋ ሌላ መብራት አለ፣ ርካሹን መሞከር ይቻላል። የመሪ መገጣጠሚያ፣ የፍሬን ዕቃ፣ የጎማ ኩሽኔታ ወይም የመጎተቻ መያዣ ሲሆን ግን የሚጠራጠረውን ሰው ሰምተው የተረጋገጠውን ይግዙ። አሮጌውን ኦሪጅናል ገና የሚሠራ ከሆነ አይጣሉት፤ በጨርቅ ጠቅልለው ከነብሎኖቹ መኪናው ውስጥ ያስቀምጡት፣ አዲሱ መንገድ ላይ ቢከዳ መልሰው የሚገጥሙት እሱን ነው።